አንዲት ነጠላ ቻርጅ በግራፊን ላይ እንዴት ትታያለች፦ የዝቅተኛ ኢነርጂ ኤሌክትሮን ሆሎግራፊ አሠራር

በ300 ኪሎቮልት የሚሠራ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አቶምን ለይቶ ያሳያል። አቶሙ ላይ ያለችውን አንዲት ቻርጅ፣ የመማሪያ መጻሕፍት «ሙል» የሚሏትን፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳያያት ያልፋል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ኤሌክትሮኑ እንዲያ ሲበር የቻርጇ መስክ እሱን ለመሳብም ሆነ ለመግፋት ጊዜ አያገኝም። መስኳ በአካባቢዋ ባሉ ሌሎች ኤሌክትሮኖች ያልተጋረደ አንዲት ቻርጅ በሚያልፈው የኤሌክትሮን ሞገድ ላይ የምታመጣው የፌዝ (የሞገዱ መቅደም ወይም መዘግየት) ለውጥ ከእሷ ያለው ርቀት በ2.7 እጥፍ በተቀየረ ቁጥር በ300 ኪሎቮልት 0.019 ሬዲያን ብቻ ነው። በ100 ቮልት 0.74፣ በ50 ቮልት ደግሞ 1.04 ሬዲያን ይደርሳል። ቮልቴጁን ወደ መቶ ማውረድ ብቻውን አርባ እጥፍ ያተርፋል ማለት ነው።

የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው የሃንስ-ቬርነር ፊንክ ቡድን በ2016 በግራፊን (በስስ የካርቦን ንጣፍ) ላይ የተቀመጡ ነጠላ ቻርጆችን ያሳየው በዚህ መንገድ ነው፤ ከታች የሚቀርበውም አሠራር በእሱ ላይ የቆመ ነው። ሆሎግራፊን፣ ማለትም ሁለት ሞገዶችን አደራርቦ ምስል መቅረጽን፣ ያፈለቀው ዴኒስ ጋቦር ሐሳቡን በ1948 ያቀረበው ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብሎ ነበር። የኖቤል ሽልማቱ በ1971 የመጣለት ግን ሌዘር ሐሳቡን በዓለም ካዳረሰው በኋላ ነው።

በመሣሪያው ውስጥ ሌንስ የለም። ሹል የተንግስተን ጫፍ ከግራፊኑ ፊት ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፤ አሉታዊ ቮልቴጅ ሲሰጠው ኤሌክትሮኖች ከዚያች አንዲት ነጥብ ተነሥተው እየተበተኑ ይወጣሉ። ኩራዝ አጠገብ የተያዘ ጣት ግድግዳ ላይ ግዙፍ ጥላ እንደሚጥል ሁሉ፣ ናሙናው ወደ ጫፉ በቀረበ መጠን ዲቴክተሩ ላይ የሚያርፈው ሥዕል ይገዝፋል። ሳይታወክ ያለፈው ሞገድና በቻርጇ መስክ የጎበጠው ሞገድ ዲቴክተሩ ላይ ሲደራረቡ ሆሎግራም ይሆናሉ። ግራፊን የተመረጠው የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ስላለው፣ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍና በዚህ ኢነርጂ ከሚመጡት ኤሌክትሮኖች ከመቶ 70 ገደማ የሚሆኑትን ስለሚያሳልፍ ነው።

ስሌቱ እንዲጨበጥ ከዚህ በኋላ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ ቮልቴጅ 100፣ ከጫፍ እስከ ናሙና 500 ናኖሜትር፣ ከጫፍ እስከ ዲቴክተር 70 ሚሊሜትር፣ የዲቴክተሩ ስፋት 40 ሚሊሜትር። የሞገድ ርዝመቱ 0.123 ናኖሜትር ነው። ማጉላቱ 70 ሚሊሜትር ለ500 ናኖሜትር ሲካፈል 140,000 እጥፍ ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ የሚታየውም 286 ናኖሜትር ስፋት ያለው ቦታ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• እስከ 10⁻¹⁰ ሚሊባር የሚወርድ የቫኩም ክፍል። ምስል በሚነሣበት ሰዓት አየን ፓምፑ ብቻ ይሥራ፤ የሚሽከረከረው ቱርቦ ፓምፕ ከነድጋፍ ፓምፑ ይጥፋ።
• ከ0 እስከ 300 ቮልት የሚሰጥ፣ መዋዠቁ ከ10 ሚሊቮልት ያልበለጠ የኃይል ምንጭ፣ ከናኖአምፒር መለኪያ ጋር።
• በሦስት አቅጣጫ በናኖሜትር የሚንቀሳቀስ ፒዬዞ (ቮልቴጅ ሲሰጠው የሚለጠጥ ክሪስታል)።
• ማይክሮቻነል ፕሌት (የደረሱትን ኤሌክትሮኖች የሚያባዛ ዲቴክተር)፣ ከኋላው ፎስፈር ስክሪን፣ ከመስኮቱ ውጭ ካሜራ።
• መላውን የሚከብብ የሚው-ሜታል (የመግነጢስ መስክን የሚያግድ ቅይጥ) መከለያ።

ናሙናውም የማይክሮቻነል ፕሌቱ ፊትም ከግራውንድ ጋር ይገናኙ። ምልክቱ ደካማ ሲሆን የፕሌቱን ፊት በጥቂት መቶ ቮልት ከፍ ማድረግ ያጓጓል። ያን ጊዜ ግን በናሙናውና በዲቴክተሩ መካከል መስክ ይፈጠራል፤ ኤሌክትሮኖቹ ቀጥ ብለው አይሄዱም፣ ከላይ የተሰላው ማጉላትም ውሸት ይሆናል።

ጫፉ

የ0.25 ሚሊሜትር የተንግስተን ሽቦ ያስፈልጋል፤ ተራው ግን አይሆንም። ተራ ሽቦ ሲጎተት ክሪስታሎቹ የሚደረደሩት በ110 አቅጣጫ ነው (ቁጥሩ የክሪስታል አቅጣጫ መለያ ነው)፤ ከዚያ ፊት ኤሌክትሮን ለማውጣት ደግሞ ከ5 ኤሌክትሮንቮልት በላይ ስለሚጠይቅ ጨረሩ ወደ ጎን ይሸሻል። በ111 አቅጣጫ ለተዘጋጀ ነጠላ ክሪስታል ሽቦ 4.5 ገደማ ስለሚበቃው ጨረሩን ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ ይልካል። ዋጋው ይቆረቁራል፤ እዚህ የተቆጠበ ገንዘብ ግን በኋላ በባከኑ ወራት ይከፈላል።

ሽቦውን በ2 ሞላር የሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ንከሩ። በዙሪያው የማይዝግ ብረት ቀለበት አድርጉ፤ ሽቦውን ከአዎንታዊው፣ ቀለበቱን ከአሉታዊው ወገን አገናኝታችሁ ከ4 እስከ 6 ቮልት ስጡ። ሽቦው ከብጥብጡ ወለል ላይ እንደ አንገት እየቀጠነ ሄዶ የታችኛው ቁራጭ በገዛ ክብደቱ ተበጥሶ ይወድቃል። ከረንቱ በዚያችው ቅጽበት መቆረጥ አለበት። በእጅ ማጥፋት አይሳካም፤ ከረንቱ በድንገት ሲወርድ ራሱ የሚያጠፋ ሰርኪዩት ግድ ነው። ከዘገየ ብጥብጡ የተገኘውን ሹል መልሶ ያዶለዱመዋል። ጫፉን በተጣራ ውኃ፣ ቀጥሎም በኤታኖል እጠቡ። ብጥብጡ ዓይን ያጠፋልና መነጽርና ጓንት አይለዩ።

ቫኩም ከገባ በኋላ የጫፉን መያዣ በከረንት አግሉት፤ ኦክሳይዱ ተንኖ ይለቃል። ከዚያ ወደ ናሙናው እያቀረባችሁ ቮልቴጅ ስጡ። ጥሩ ጫፍ ስክሪኑ ላይ አንድ ለስላሳ፣ መሐሉ የደመቀ ክብ ብርሃን ያሳያል። ሁለት ሦስት ተደራራቢ ክቦች ከታዩ ኤሌክትሮን የሚለቁት ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ እንደገና አግሉት። ከረንቱን በጥቂት አሥር ናኖአምፒር ያዙት። በየደቂቃው የሚዘል ከሆነ ጥፋተኛው የኃይል ምንጩ ሳይሆን በቫኩሙ ውስጥ ቀርቶ ጫፉ ላይ የሚያርፈው ጋዝ ነው።

ቮልቴጅና ርቀት የተቆራኙ ናቸው። ኤሌክትሮኑን የሚያወጣው መስክ የሚፈጠረው በጫፉና በናሙናው መካከል ስለሆነ፣ ጫፉን ስታቀርቡ ያው ከረንት በዝቅተኛ ቮልቴጅ ይገኛል። ኢነርጂውን ዝቅ ማድረግ የፈለገ ቮልቴጅ ቀንሶ አይጨርስም፤ ጫፉንም ማቅረብ አለበት።

ግራፊኑ

ከጠቅላላው ሥራ ትልቁን ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ መውሰድም አለበት። ሶፍትዌር ሲያስተካክሉ ወራት የሚፈጁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያክሙት የቆሸሸ ግራፊንን ነው።

50 ናኖሜትር ውፍረት ባለው የሲሊከን ናይትራይድ ስስ ሽፋን ላይ በአየን ጨረር 500 ናኖሜትር ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ብሱ። ከዚያ ሁለቱንም ፊት በ10 እስከ 15 ናኖሜትር ፕላቲኒየም ወይም ፓላዲየም ልበጡ። አንድ ፊት ብቻ ከለበጣችሁ ሌላው ማገጃ እንደሆነ ይቀራል፤ ኤሌክትሮን እያጠራቀመ ሆሎግራሙን ሁሉ ያጣምመዋል። ብረቱ ሌላም ሥራ አለው፣ እሱን ወዲያው እናገኘዋለን።

በመዳብ ላይ የበቀለውን ግራፊን በፒኤምኤምኤ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ መዳቡን በአሞኒየም ፐርሰልፌት አሟሙ። ተንሳፋፊውን ሽፋን በየጊዜው በሚቀየር የተጣራ ውኃ አጥባችሁ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ቺፕ ከሥር ቅዱት፤ አዘንብላችሁም አድርቁት። አሁን ፕላስቲኩ መነሣት አለበት። በአሴቶን ብቻ ማንሣት የተለመደ ቢሆንም ሁልጊዜ ስስ ቅሪት ይተዋል፤ ለተራ ማይክሮስኮፕ ችግር የለውም፣ ለዚህ ሥራ ግን ያ ቅሪት ግድግዳ ነው። መፍትሔው ቺፑን በተራ አየር ውስጥ በ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለግማሽ ሰዓት ማሞቅ ነው። ፕላቲኒየሙ ወይም ፓላዲየሙ እንደ ካታሊስት ሆኖ ፕላስቲኩን ይበታትነዋል። ናሙናውን ሳይቀዘቅዝ ወደ ቫኩም አስገቡና እዚያው ለጥቂት ሰዓታት ከ100 ዲግሪ በላይ አሙቁት፤ ከአየር የያዘው ውኃ ይለቃል።

ንጽሕናው ሲሳካ የ286 ናኖሜትሩ ቦታ ባብዛኛው ወጥ ግራጫ ሆኖ እዚህም እዚያም ጥቂት ነጥቦች ብቻ ይታዩበታል። እርስ በርስ የተጣመሩ ቀለበቶች ቦታውን ከሞሉት ጊዜ አታባክኑ፤ ሌላ ቀዳዳ ፈልጉ።

ንዝረትና መግነጢስ

ጫፉ ከናሙናው አንጻር 0.5 ናኖሜትር ብቻ ቢወዛወዝ ሆሎግራሙ ዲቴክተሩ ላይ 70 ማይክሮሜትር ይወዛወዛል። የማይክሮቻነል ፕሌቱ የራሱ ብዥታ 100 ማይክሮሜትር ያህል ስለሆነ ይህ ገና የሚታገሡት ነው፤ 2 ናኖሜትር ከሆነ ግን ስስ ቀለበቶቹ ይጠፋሉ። መግነጢሱም እንዲሁ ነው፦ ከኃይል መስመር የሚመጣ የ1 ማይክሮቴስላ ተለዋዋጭ መስክ የ100 ቮልት ኤሌክትሮንን በ70 ሚሊሜትር መንገድ ላይ 73 ማይክሮሜትር ያወላግደዋል። መከለያው ውስጥ የሚገቡ ብሎኖች፣ የናሙና መያዣና የጫፍ መቆንጠጫ ሳይቀሩ ማግኔት ከማይስበው ብረት ይሁኑ። ማግኔት የሚስበው አንድ የተረሳ ብሎን የመከለያውን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

የት ላይ እንደሆናችሁ በግምት አትመኑ። ፒዬዞውን 50 ናኖሜትር አንቀሳቅሱና ጥላው ስክሪኑ ላይ ስንት እንደሄደ ለኩ፤ 7 ሚሊሜትር ከሄደ ማጉላቱ 140,000 ነው፣ ርቀቱም 500 ናኖሜትር። ፒዬዞው ራሱ በቀዳዳው ስፋት ይፈተሻል። ግራፊኑ በጫፉ መስክ ተስቦ ወደ ፊት ስለሚለጠጥ ርቀቱን ቮልቴጅ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ለኩት።

ማንሣት

ከ0.1 እስከ 1 ሰከንድ የሚቆዩ 50 ያህል ምስሎች በተከታታይ አንሡ፤ አንድ ረጅም ምስል አታንሡ። የናሙናውን መንሸራተት በኋላ በስሌት ማቃናት ይቻላል፣ በአንድ ምስል ውስጥ የደበዘዘውን ግን ማንም አይመልሰውም። ሌላም ምክንያት አለ፦ አንዳንድ ቻርጆች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ምስሎቹን ሳትመለከቱ ካማከላችኋቸው (አማካያቸውን ከወሰዳችሁ) ግማሽ ጊዜ የምትጠፋ ሙሉ ቻርጅ እንደ ግማሽ ቻርጅ ትነበባለች። መጀመሪያ አንድ በአንድ እዩ፣ ከዚያ አማክሉ።

ለዳራ የሚሆን ምስልም ያስፈልጋል። ናሙናውን በየጊዜው በ20 ወይም 30 ናኖሜትር እያዘዋወራችሁ ብዙ ምስል አንሥታችሁ ብታማክሉ የናሙናው ምልክቶች ይሟሟሉ፤ የሚቀረው የጨረሩ ቅርጽና የዲቴክተሩ ጉድለት ነው። እያንዳንዱን ሆሎግራም በዚህ አካፍሉ። ምስሉን ራሱን በኮምፒውተር አደብዝዞ እንደ ዳራ መጠቀም ፈጣን አቋራጭ ነው፤ ለቻርጅ መለኪያ ግን መርዝ ነው። የቻርጅ መስክ ረጅም ጅራት አለው፣ ማደብዘዙም የሚቆርጠው ያንኑ ጅራት ነው።

ነጥቧ ቻርጅ ነች ወይ?

አዎንታዊ ቻርጅ ኤሌክትሮኖችን ወደ ራሷ ስለምትሰበስብ ብሩህ ነጥብ ሆና ትታያለች፣ አሉታዊዋ ስለምትገፋቸው ጥቁር ነጥብ። የነጥቧ ስፋት የቻርጇ ስፋት አይደለም። በሞገድ መታጠፍ የሚወሰን ሲሆን፣ የሞገድ ርዝመቱና የርቀቱ ብዜት ስኩዌር ሩት ያህል ነው፤ በምሳሌያችን ወደ 8 ናኖሜትር፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ሚሊሜትር ግድም። ከዚህ ይበልጥ የተቀራረቡ ሁለት ቻርጆች በጥሬው ሆሎግራም ላይ አንድ ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። ናሙናውን 20 ናኖሜትር አንቀሳቅሱ። እውነተኛዋ ነጥብ 2.8 ሚሊሜትር ትሄዳለች፤ የፕሌቱ ብልሽት ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን ሳያደርጉ «ቻርጅ አየን» ያሉ ብዙዎች ናቸው።

ሁለተኛው ፈተና ጥቁር ነጥቦችን ይመለከታል፤ ጥቁር ነጥብ ቻርጅ የሌላት፣ ኤሌክትሮን የምታስቀር ተራ ቆሻሻ ልትሆን ትችላለችና። በነጥቧ ዙሪያ ክብ አድርጋችሁ በክቡ ውስጥ ያለው ብርሃን ከዳራው ስንት እንደጎደለ ወይም እንደበለጠ ደምሩ፤ ውጤቱን በናሙናው ልክ በስኩዌር ናኖሜትር ግለጹት። ላልተጋረደች አንዲት ቻርጅ ይህ ስፋት 9.05 በርቀቱ በናኖሜትር ተባዝቶ ለቮልቴጁ ሲካፈል ነው። በምሳሌያችን 45 ስኩዌር ናኖሜትር። ጫፉን ወደ 1,000 ናኖሜትር አርቃችሁ ቮልቴጁ 110 ቢሆን 82 መሆን አለበት። የተራ ቆሻሻ ጉድለት ግን የገዛ ጥላው ስፋት ስለሆነ ርቀት ቢቀየር አያድግም። ይህ አንድ መለኪያ ከብዙ የሚያምሩ ምስሎች ይበልጣል።

ጥንቃቄው ከክቡ መጠን ላይ ነው። 15 ናኖሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ስፋቱ 707 ስኩዌር ናኖሜትር ስለሆነ 45ቱ ከመቶ 6 ይሆናል፣ ይለካል። በ30 ናኖሜትር ራዲየስ ከመቶ 1.6 ብቻ ስለሚሆን ዳራው በግማሽ ከመቶ ትክክል ካልሆነ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ለግማሽ ከመቶ በክቡ ውስጥ ቢያንስ 40,000 ኤሌክትሮን መቆጠር አለበት።

ያው መለኪያ ሌላም ነገር ይናገራል። ስፋቱን ከራዲየሱ ጋር በግራፍ ሣሉት። ራዲየሱ ሲያድግ ስፋቱ ባለበት ከጸና የቻርጇ መስክ አልተጋረደም። እየወረደ ወደ ዜሮ ከሄደ ግራፊኑ መስኩን እየጋረደው ነው፤ መውረድ የሚጀምርበትም ራዲየስ የመጋረዱን ርቀት ይሰጣል። ግራፊኑ እንደ ፍጹም ብረት ቢሆን ኖሮ ከጎኑ የተለጠፈች ቻርጅ ምልክቷ ከአንድ ናኖሜትር ብዙም ሳይርቅ ይከስም ነበር። ምን ያህል እንደሚጋርድ የሚወስነው በውስጡ ያለው ነጻ ኤሌክትሮን ብዛት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ናሙና ላይ የተገኘውን ወደ ሌላው አትቅዱ።

ቁጥሩን ማውጣት

ለመጨረሻው ቁጥር ሙሉ የሞገድ ስሌት ይሠራ። 286 ናኖሜትሩን በ1,000 በ1,000 ፒክሰል ከፍላችሁ በናሙናው ገጽ ላይ የቻርጇን ፌዝ ጻፉ፦ በ100 ቮልት 0.74 በቻርጁ መጠን፣ በርቀቱ ሎጋሪዝም ተባዝቶ። በጣም ቅርብ ያለውን በአንድ ፒክሰል፣ ሩቁን ቀደም ሲል በግራፍ ባገኛችሁት የመጋረድ ርቀት ቁረጡት። ሞገዱን 500 ናኖሜትር ወደ ፊት አስኬዱና ከተለካው ሆሎግራም ጋር አነጻጽሩ፤ ቻርጁን እየቀያየራችሁ የሚገጥመውን ፈልጉ። ስክሪኑ ጠፍጣፋ፣ ሞገዱ ግን ሉላዊ መሆኑን አትርሱ። በዳርቻው 16 ዲግሪ ላይ ሳይንና ታንጀንት በመቶ 4 ይለያያሉ፤ ሳታቃኑት ከቀረ ዳር ያሉ ነጥቦች ሞላላ ይሆናሉ።

ሆሎግራሙን በቀጥታ ወደ ኋላ መልሶ ማስላት ፈጣን ቢሆንም ለቻርጅ ያሳስታል። አዎንታዊ ቻርጅ ማስተላለፏ (ከመጡት ኤሌክትሮኖች የምታሳልፈው ድርሻ) ከአንድ የበለጠ ብሩህ ነጥብ ሆና ትወጣለች፤ ግራፊን ኤሌክትሮን አይፈጥርምና ይህ የሚናገረው ነገር ቢኖር ነጥቧ ፌዝ እንደሆነች ብቻ ነው። የፖቴንሻሉን ካርታ ለማግኘት ስሌቱን ማመላለስ ያስፈልጋል፦ ከዲቴክተር ወደ ናሙና ሂዱ፣ ከአንድ የበለጠውን ማስተላለፍ ወደ አንድ አውርዱ፣ ወደ ዲቴክተር ተመለሱ፣ መጠኑን በተለካው ተኩ፣ ፌዙን ተዉት። ጥቂት መቶ ዙር ይበቃል። ከተለያየ መነሻ ፌዝ ጀምራችሁ ያው ውጤት ካልመጣ አትቀበሉት።

የቻርጁ መጠን 1 ሳይሆን 0.6 ወይም 0.8 ብታገኙ አትደንግጡ፣ ወደ 1 ለመጎተትም አትሞክሩ። የተለጠፈው አቶም ለግራፊኑ የሚሰጠው ኤሌክትሮን ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ ግራፊኑም የራሱን ድርሻ ይሸፍናል። ይልቅ ብልጭ ድርግም በምትል ነጥብ ላይ ከምስል ወደ ምስል ያለውን ዝላይ ለኩ። ዝላዮቹ ሁሉ እኩል ከሆኑ ያ እርምጃ በዚያ ናሙና ላይ የአንዲት ቻርጅ መለኪያችሁ ነው፤ ሌሎቹን ነጥቦች በእሱ መዝኑ።

ቻርጁን ያመጣው ጨረሩ ራሱ እንዳይሆን ደግሞ ጫፉን ትንሽ አርቃችሁ በቮልቴጅ ሳትካካሱ ከረንቱን ወደ አሥረኛው አውርዱ፣ የምስሉን ጊዜ በአሥር አባዙ፣ ያንኑ ቦታ በአዲሱ ርቀት አስሉ። የ100 ቮልት ኤሌክትሮን የካርቦን አቶምን ከቦታው አይነቅልም፤ በቀጥታ ግጭት የሚሰጠው ከ0.02 ኤሌክትሮንቮልት አይበልጥም። የተለጠፈ ሞለኪውልን ግን ቻርጅ ሊያደርግ ወይም ሊያባርር ይችላል። የነጥቦቹ ብዛትና የዝላዮቹ ድግግሞሽ ከከረንቱ ጋር አብሮ ከወረደ የምታዩት በራሳችሁ ጨረር የተሠራ ነው።